ምኑ ተለወጠ?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው መንገድ ለመኪና አይራራም። ከስድስት ኪሎ እስከ አሜሪካ ኤምባሲ ደህና የመጣች መኪና፣ የሐበሻ ቀሚስ የሚንጠለጠልባቸውን ሱቆች አልፋ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስትገባ ጉዷ ይወጣል። በልጅነቴ የሰፈራችን መካኒክ አንድ መኪና ሠርተው ሲጨርሱ "ራጉኤል ደርሳ ትመለስ" ነበር የሚሉት። ሌላ መሞከሪያ አልነበራቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም ነበር። እንጦጦ አናት ካለው ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ ሳትንገራገጭ ወጥታ የተመለሰች መኪና ደሴም ጎንደርም ታደርሳለች ተብሎ ይታመን ነበር።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። እንጦጦ አናት ላይ ከፍታው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሲሶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አቅም ሲያንስ ሹፌሩ ጋዙን እስከ ጥግ ይረግጣል፤ ሲሊንደሩ የሚችለውን ያህል አየርና ቤንዚን ስቦ ያምቃል። በታመቀው መሐል ብልጭታ ለማለፍ ሜዳ ላይ ከሚያስፈልገው የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። ሜዳውን እንደምንም ያለፈ የላላ ጫፍ፣ የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ፣ ውስጥ ውስጡን የተበላ ሽቦ እጁን የሚሰጠው እዚህ ጋ ነው። ዳገቱ በሽታ አያመጣም፤ የተደበቀውን ነው የሚያወጣው።

ምኒልክ የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ይህን ያሰበ ሰው እንደማይኖር ግልጽ ነው። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከተማው ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ከወረደ ሃያ ዓመት አልፎ። ያ ዳገት የበቅሎ መንገድ ሆኖ ነው የተወለደው፤ አንዳንድ መኪና ላይ የሚቆጣውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የራጉኤል ንግሥ ደግሞ መስከረም 1 ቀን ነው፤ እንቁጣጣሽ። ክረምቱ ገና ጓዙን ጠቅልሎ ሳይወጣ፣ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ሳይነሳ፣ መኪና ያለው ሁሉ እናቱን ጭኖ የሚወጣበት ቀን። ያን ዕለት መንገዱ ዳር ኮፋኖ ከፍተው የቆሙ መኪኖች አይጠፉም ነበር።

ለመካኒካችን ግን ያ ቀን ገበያ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" ነበር የሚላቸው፤ እኔም ሌላ ስም አልጠራም። በልጅነታቸው አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ብሎን በናፍጣ ሲያጥቡ ነው ሙያውን የለመዱት። የራሳቸው ጋራዥ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባሕር ዛፍ ሥር የተዘረጋ የቆርቆሮ ጥላ ነበር። ዕቃቸው ከአንድ የእንጨት ሣጥን አይበልጥም፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቁልፎች፣ የቆሻሻ ቀለም የያዘ ናስትሮ፣ እና ሁለት ረጃጅም ሽቦ የተበየደባት አንዲት የፍሬቻ አምፖል። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ይተኩታል። አምፖሏን ሲያጡ ግን ሰፈሩ ሰላም አያድርም።

ከትምህርት ቤት መልስ እሳቸው ጋ ነበር የምውለው። ሥራዬ የእጅ ባትሪ መያዝ ነው።

ክረምት ሲሆን የሚመጡት በሽተኞች አንድ ዓይነት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በሦስት ሲሊንደር የሚሠሩ፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ምንም እንዳልነበራቸው የሚሆኑ። ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ይዟት ይመጣል፤ መኪናዋ ዝም ብላ ትሠራለች፤ ሰውየው እንደ ውሸታም ያፍራል። ጋሼ አያሳፍሩትም። "እስኪመሽ ትቆይ" ነው የሚሉት። ሲመሽ ሞተሩን ያስነሱና ኮፋኖውን ከፍተው መብራቱን ሁሉ ያስጠፋሉ። ከዚያ አፋቸውን ውኃ ሞልተው ልክ እንደ ልብስ ተኳሽ በካንዴላ ገመዶቹ ላይ ፍፍፍ ያደርጉታል። ጨለማው ውስጥ ሰማያዊ ነገር መንከስ ይጀምራል። የገመዱ ጎማ በተሰነጠቀበት በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ጭረት ጭረት እያለ ይወጣል፤ ትንሽ የመብረቅ ሽታም አለው። ቦቢና የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ሃያ ሺህ ቮልት ይደርሳል፤ እንዲያ ያለ ኃይል ደግሞ ካንዴላው ጫፍ ላይ የታመቀውን አየር ከሚሰብር በእርጥብ ስንጥቅ ሾልኮ ብረት ቢያገኝ ይመርጣል። በሳሳው የእንጦጦ አየር መሾለኩ ይብስ ይቀለዋል። "አየኸው? ይኼ ነው ቤንዚኑን የሚሰርቀው" ይሉኛል። ቤንዚኑ ሳይቃጠል በማርሚታው ስለሚወጣ ልክ ናቸው።

ይህ ቀላሉ ነው። እኔ ማንሳት የምፈልገው የመምህሩን ቮልስ ነው።

ዘመኑ 1970ዎቹ ነው። መምህሩ ሽሮ ሜዳ የሚኖር፣ ልብሱ የማይጨማደድ፣ ደሞዙም የማይተርፍ ሰው ነበር። እናቱ የራጉኤል ወዳጅ ናቸው። ቮልሷ ከቤት እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ መርካቶ ሰዓት ነበረች፤ የእንጦጦን ዳገት ስትጀምር ግን ትዘላለች። ትንሽ ትሄዳለች፣ ቁርጥ ትላለች፣ ተመልሳ ትነሳለች፣ እንደገና ቁርጥ። ወደ ጋሼ ከመምጣቷ በፊት ሰው ሁሉ ሐሳቡን ሰጥቷል። ቤንዚኑ ውኃ አለው ተባለ፤ ጋኑ ታጠበ። ካርቡራተሩ ነው ተባለ፤ ተፈትቶ ተነፋ። ካንዴላዎቹ ተለወጡ። ዳገቱ ነው፣ ቮልስ ለዚህ አልተሠራችም ያለም ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስትደርስ የምትጮኸው በጤናዋ አይደለም ብሎ ጠበል ያዘዘላትም አልጠፋ።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ከኋላ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ከጭስ ማውጫው ፊት መያዝ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው። ትንፋሹ ሳይዛነፍ መዳፋቸውን ይመታል። "እዚህ ጤነኛ ናት።" ቀጥለው ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶቹን በጎማ ይዘው ተራ በተራ ይነቅላሉ፣ ይመልሳሉ። አንዱ ሲነቀል ሞተሩ ካልደነገጠ፣ የሞተው ሲሊንደር እሱ ነው። አራቱም ሲነቀሉ እኩል ደነገጠ።

ቀና ብለው ለመምህሩ ነገሩት።

"መምህር፣ አንዱ ቢታመም አንዱ ብቻ ነበር የሚያስቸግር። አራቱ አንድ ላይ ከታመሙ ችግሩ ከመከፋፈሉ በፊት ነው።"

"ታዲያ ቤንዚኑ ነዋ፣ ጋሼ?"

"ቤንዚን ሲያጥራት እየደከመች ትሄዳለች። እርስዎ እንደሚሉኝ ይቺ ትቆረጣለች። የሚቆርጥ ኤሌክትሪክ ነው።"

እስከ ዛሬ ብዙ መካኒክ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ግማሹን መኪና ከጥርጣሬ ነፃ ያወጣ ግን አልገጠመኝም።

ቀረችው ሽቦ። ቦቢናው ሁለት ጫፍ አለው፤ በአንዱ ከቁልፉ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ይገባል፣ በሌላው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ፣ ኤሌክትሪኩን እየዘጋ ወደሚከፍተው ፑንቲና ይሄዳል። ጋሼ የአምፖሏን አንድ ሽቦ በሚገባበት ጫፍ ላይ አሰሩ፣ ሌላውን ከብረቱ ጋር አገናኙ፤ አምፖሏን በጣሪያው ላይ አሳልፈው በመስኮት አስገቡና እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። "አንተ ልጅ፣ መንገዱን አትይ። እሷን ብቻ እይ። ከጠፋች ጩህ።" መምህሩ ነዳ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባን። ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እኔ ግን አምፖሏ ላይ ተተክያለሁ። ቮልሷ መዝለል ጀመረች፤ ጭንቅላቴ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል። አምፖሏ አልተርገበገበችም። መምህሩ ሁለት ሦስቴ "በርታለች?" አለኝ። በርታለች።

ስንመለስ ጋሼ ያልኳቸውን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኤሌክትሪኩ ቦቢናው ድረስ ሳይቋረጥ ይደርሳል፤ የሚጠፋው ከዚያ ወዲያ ነው። ሞተሩን አጠፉና የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሱ። ሞተሩን በእጃቸው ትንሽ አዙረው ፑንቲናው በደንብ ገጥሞ እንዲቆም አደረጉ፤ አምፖሏን ወደ ሌላው የቦቢና ጫፍ አዛወሩ፤ መምህሩን ቁልፉን እንዲከፍት አዘዙ። አምፖሏ ጨለማ ናት። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው፤ ፑንቲናው ገጥሞ ካለ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ወደ ብረቱ ያልፋል እንጂ ወደ አምፖሏ አይመጣም።

ከዚያ ያደረጉትን እንዳየሁት ልንገራችሁ። ከካርቡራተሩ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የምትመጣ ቀጭን ቱቦ አለች። ጋዝ ሲረገጥና ሲለቀቅ የሚለዋወጠው ስበት በእሷ በኩል መጥቶ ፑንቲናው የተቀመጠበትን ሳህን ወዲህና ወዲያ ያዞረዋል፤ ብልጭታው ቀደም ወይም ዘግየት እንዲል ነው። ጋሼ ቱቦዋን ከካርቡራተሩ ነቅለው አፋቸው ውስጥ ከተቱና እንደ ሕፃን ጠቡት። ሳህኑ ሲዞር ዓይኔ እያየው ነው። አምፖሏ ቦግ አለች። ለቀቁት፤ ጠፋች። ጠቡት፤ ቦግ።

"ቶሎ ይበሉ፣ ቁልፉን ይዝጉት፣ ቦቢናው ይግላል" አሉ፤ ድል ያደረገ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ወደ ፑንቲናው የምትሄደው ሽቦ ከአመልካች ጣት አትረዝምም። ልባሷ ሙሉ ነው፤ አዲስ ትመስላለች። በክብሪት እንጨት ሲነኳት ግን መሐሏ ላይ እንደ ጨርቅ ታጠፈች። ሳህኑ ስንት ዓመት ወዲህና ወዲያ ሲላት ውስጧ ያሉት የመዳብ ክሮች አንድ በአንድ ተበጥሰዋል። ሜዳ ላይ የተበጠሱት ጫፎች ይነካካሉ፤ ዳገት ላይ ጋዙ ሲረገጥና ሲለቀቅ ሳህኑ ይዞርና ይለያያሉ። ቤንዚን የለም፣ ቡዳ የለም፣ አየር የለም። ጋሼ ከአሮጌ ካውያ ገመድ ለስላሳ ሽቦ አውጥተው ለክተው ቆረጡ፣ ጫፎቹን በእርሳስ በየዱ፣ ክዳኑን መለሱ። "ራጉኤል ደርሳ ትመለስ።" ደርሳ ተመለሰች፤ የመምህሩ እናትም ከላይ ሆነው መረቁ።

ሒሳብ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። መምህሩ የማይዘርፍ፣ የማይዘረፍ ሰው ነው። ጋሼ የጠየቁትን ሲሰማ የወጣችውን ሽቦ በመዳፉ ላይ አድርጎ አያት።

"ለዚች ክር?"

ጋሼ አልተከራከሩም። የሰጣቸውን ተቀበሉ። ካንዴላዎቹን የለወጠው፣ ካርቡራተሩን የነፋው፣ ጋኑን ያጠበው ሁሉ ከዚያ በላይ ተከፍሎት ነበር፤ የለወጡት ነገር ስለሚታይ። ከዚያ በኋላ ሣጥናቸው ሥር አንድ ነገር ታየኝ፤ አሮጌ ካንዴላና የተቃጠለ ፑንቲና የተጠራቀመበት የወተት ቆርቆሮ። ሽቦ ብቻ የሆነ በሽታ ሲያድኑ ከዚያ አንዱን ያነሱና ለባለቤቱ በጨርቅ ጠቅልለው ይሰጡታል። "ይኼ ነበር።" ሰውየው አገላብጦ ያየዋል፣ ጥቁረቱ ያሳዝነዋል፣ ደስ ብሎት ይከፍላል። ሐቀኛ መካኒካችንን ትንሽ ውሸት ያስተማርናቸው እኛው ነን።

አሁን መንገዱ ሌላ ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ዳገቱ በመኪና ይሞላል። ጋሼ የሉም፤ የቆርቆሮው ጥላም የለም። ከመኪኖቹ የሚበዙት ትናንሽ ቶዮታዎች ናቸው። ዲስትሪቢዩተር የላቸውም፤ ካንዴላ ሁሉ በራሱ ላይ የተቀመጠ፣ ዛሬ ኮይል የሚሉት የራሱ ቦቢና አለው። ረጅሙ የካንዴላ ገመድ ቀርቷል፤ ማታ ማታ ሰማያዊው ብልጭታም አብሮ ቀርቷል።

የእኔዋም ከእነዚህ አንዷ ናት። ባለፈው ክረምት እዚያው ዳገት ላይ፣ እዚያው ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ መኪናዋም ትንገራገጫለች። መብራቷ ዝም ብላ ከበራች ጊዜ አለ ማለት ነው፤ ብልጭ ድርግም ካለች ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማጣሪያው እየገባ ስለሆነ ማጣሪያው ግሎ ይነዳል። ጋዙን ቀንሼ ወረድኩ።

የወሰድኳት ጋራዥ ስሙን አልጠራውም፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ቡናም ያቀርባሉ። አንድ ወጣት ከመሪው ሥር መሰኪያ ሰክቶ ታብሌቱን አየ። ፒ0303። ሦስተኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል። ኮፋኖው ገና አልተከፈተም።

እዚህ ላይ መሣሪያውን ማማት አልፈልግም። አሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጡ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት መሰኪያና አንድ ዓይነት ኮድ እንዲኖራቸው ካስገደደች ወዲህ ሌላውም ዓለም ተከትሏል፤ ሽሮ ሜዳ ያለ መካኒክና ቶኪዮ ያለ መካኒክ አንድ ቁጥር ያያሉ። ኮምፒውተሩ ሚስ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድም ግሩም ነው። ሞተሩ ሲዞር ፍጥነቱን ያለማቋረጥ ይለካል፤ አንዱ ሲሊንደር ተራው ደርሶ ሳይመታ ሲቀር ዙሩ ለቅጽበት ይዘገያል፤ የማን ተራ እንደነበር ቆጥሮ ይመዘግባል። የጋሼ መዳፍ ጭስ ማውጫው ፊት የምትሠራውን ነው የሚሠራው፤ ሳይደክመው፣ ዳገቱ ላይ አብሮ እየሄደ። ቁጥሩ የሚነግረን ግን የትኛው እንደሆነ ነው። ለምን የሚለው የሰው ድርሻ ነው። ካንዴላ ሊሆን ይችላል፣ ኮይል፣ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር፣ ቫልቭ፣ ሽቦ። የጥገና መጽሐፉ ሽቦን ይዘረዝራል፤ ነገር ግን መለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ ሄደህ የሽቦ ብልሽት ፈልጎ ማግኘት አትገዛም። ኮይል ትገዛለህ።

ካንዴላ ተለወጠ። ኮዱ ሄደ፣ ተመለሰ። ኮይል ተለወጠ። ሄደ፣ ተመለሰ። ያ ኮይል ኦርጅናል አልነበረም ተባለና ሌላ መጣ። ኢንጀክተሩም ይታይ ተባለ። በዚህ መሐል ዳገት ላይ ብቻ የነበረው መንገራገጭ መገናኛም አራት ኪሎም ይታይ ጀመር። ሻንጣዬ ውስጥ ምንም ያልሆኑ ዕቃዎች የሞሉበት ፌስታል ተጠራቀመ፤ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ አለኝ።

መጨረሻ ላይ ሰው የጠቆመኝ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ያለ ልጅ ጋ ሄድኩ። ጋራዡ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሴራሚክም ቡናም የለም። ታብሌቱን አየ፣ ፌስታሉን አየ፣ ሳቅ አለ።

"ፋዘር፣ እስኪ የሦስተኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር ላቀያይረው። ኮዱ ወደ ሁለት ከሄደ ኮይሉ ነው። እዚያው ሦስት ከቀረ ኮይሉ አይደለም፤ ሽቦውን እናያለን።"

ሦስት ላይ ቀረ። ለዚህ የጠፋው ጊዜ ቡና የማፍላት ያህል እንኳ አልነበረም፤ አንድ ብርም አላስወጣም።

ኮይሉ አራት ሽቦ አለው። አንዱ ኤሌክትሪክ ያመጣል፣ አንዱ ወደ ብረቱ ይሄዳል፣ አንዱ ከኮምፒውተሩ "አሁን ምታ" የሚል ትእዛዝ ያመጣል፣ አንዱ "መትቻለሁ" ብሎ ይመልሳል። ልጁ ናስትሮውን በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ላጠ። ሶኬቱ ላይ ያለችው መቆለፊያ ምላስ ተሰብራ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስራለች። የቴስተሩን ጫፎች ትእዛዝ በሚያመጣው ሽቦ ሁለት ዳር ይዞ ገመዱን በጣቱ ትንሽ ጎተተ። ቁጥሩ ተሰወረ። ለቀቀው፤ ተመለሰ። ልባሱ ሙሉ ነው፤ ውስጡ ተበጥሷል። ሞተር ዳገት ሲገፋ በመቀመጫ ጎማዎቹ ላይ ዘንበል ይላል፤ ዘንበል ሲል ሽቦውን ይጎትተዋል። ኮይል በለወጡ ቁጥር ደግሞ ሶኬቱ ተነቅሎ ተሰክቷል፤ የቀሩት ጥቂት ክሮች በመድኃኒቱ ብዛት አለቁ ማለት ነው።

የሠራበትን ዋጋ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ከአንዱ ኮይል ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።

"ከዚህ በላይ ብልስ ማን ይከፍለኛል? 'ምን ለወጥክልኝ?' ነው የሚሉኝ። ካርቶን ካላዩ ሥራ አይመስላቸውም። ፋዘር፣ ጓደኞቼ ሁሉ እንደኔ ማግኘት ይችላሉ። ግን ኮይል መሸጥ ይሻላቸዋል።"

ይህን ስሰማ የወተት ቆርቆሮዋ ትዝ አለችኝ። የድሮ መካኒክ ጆሮ ነበረው፣ የዛሬው ኮድ አንባቢ ብቻ ሆነ እያልን የምናማው ሐሜት ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ጆሮ ያለው ዛሬም አለ፤ ያኔም ጆሮው የተከፈለው በካንዴላ ስም ነበር። በጋሼ ዘመን የማያስፈልግ ካንዴላ ርካሽ ነበርና ውሸቷ ማንንም አላስራበችም። ዛሬ ውሸቷ በዶላር የምትመጣ ኮይል ሆናለች።

አሁን ደግሞ ሌላ ዘመን ዳገቱን እየወጣ ነው። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ኤሌክትሪኮቹ እንጦጦን ያለ ድምፅ ይወጡታል። የሳሳው አየር አያሳስባቸውም፤ የሚያቃጥሉት ነገር የለማ። ሲወርዱ ጭራሽ ባትሪያቸውን ይሞላሉ። ካንዴላ የለም፣ ኮይል የለም፣ የሚጠባ ቱቦም የለም። ሽቦ ግን ከሁሉም በላይ እነሱ ዘንድ አለ፤ ብርቱካናማ ልባስ ያለው፣ መቶዎች ቮልት የተሸከመ፣ ያልሠለጠነ ሰው እጁን ሊሰድበት የማይገባ። ሶኬትም አለ፤ ሶኬት ደግሞ ይላላል፣ ውኃ ይገባዋል፣ አይጥ ይበላዋል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ የአንድ ውድ ሣጥን ስም ይጠራል፤ ሣጥኑ ከተለወጠ በኋላ ስሙ ተመልሶ ሲመጣ የምናየው ይሆናል።

ቤንዚን የምትጠጣ መኪና ይዛችሁ ለመስከረም 1 ወደ ራጉኤል ለመውጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ ጭጋጉ ሳይነሳ ዳገቱ ላይ የሞተሯ መብራት ብልጭ ድርግም ካለች አትግፉባት፤ ጋዙን ቀንሳችሁ ውረዱ። መካኒኩ ኮይል ግዙ ሲላችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ከጎኑ ካለው ጋር አቀያይሮ ኮዱ አብሮ መሄዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ካልሄደ ኮይሉ አይደለም፤ ሌላውንም ሽቦውንም ይመርምር። ችግሩን ሲያገኘው ደግሞ ምን ለወጥክልኝ አትበሉት፤ ለፈለገበት ጊዜ ክፈሉት።